የፍጥነት ቲኬት፤ ቅጣቱ የአንድ ቀን፣ ዕዳው የሦስት ዓመት

የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ከሚያርፍበት የደለስ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ጭኖ ወደ ዋሽንግተን ዲሲ የሚገሰግስ አንድ ሾፌር ይታሰብ፡፡ በመንገዱ ላይ የተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት 55 ማይል ወይም 88 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፡፡ ሾፌሩ በ69 ማይል ሲነዳ የቨርጂኒያ ትራፊክ ፖሊስ ከኋላው መብራት ያበራበታል፡፡ ጥግ ይዞ ይቆማል፤ መንጃ ፈቃዱን ይሰጣል፤ ቲኬቱን ተቀብሎ መንገዱን ይቀጥላል፡፡ ማታ ቤቱ ገብቶ ቅጣቱን በኢንተርኔት ይከፍልና ‹‹ተገላገልኩ›› ብሎ ይተኛል፡፡

ከአራት ወር በኋላ የመኪናው ኢንሹራንስ የሚታደስበት ደብዳቤ ይደርሰዋል፡፡ አረቦኑ ጨምሯል፡፡ ሾፌሩ አልተጋጨም፤ ሰው አልጎዳም፤ ከኩባንያውም አንድ ሳንቲም ካሳ አልጠየቀም፡፡ ስልክ ደውሎ ምክንያቱን ሲጠይቅ የሚያገኘው መልስ አጭር ነው፤ በመንዳት መዝገቡ ላይ የፍጥነት ጥፋት ተገኝቷል፡፡ የከፈለው ቅጣት የዕዳው መጀመሪያ እንጂ መጨረሻ አልነበረም፡፡

ነገሩ በዋሽንግተንና በአካባቢው ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተራ ወሬ አይደለም፡፡ በዲሲ፣ በሰሜን ቨርጂኒያና በሜሪላንድ ከሚኖሩት መካከል በታክሲ፣ በሊሞዚን፣ በኡበርና በሊፍት ሥራ የሚተዳደሩት ጥቂት አይደሉም፡፡ ለእነዚህ ሰዎች መንጃ ፈቃድ የንግድ ፈቃድ ነው፡፡ በኢንሹራንስ ላይ የሚጨመረው ገንዘብም የሚቀነሰው ከቤት ኪራይ፣ ከልጅ ትምህርት ቤት፣ አዲስ አበባና ጎንደር ለወላጅ ከሚላከው ገንዘብ ነው፡፡ ስለዚህ የአንዲት የፍጥነት ቲኬት እውነተኛ ዋጋ ስንት ነው? ዋጋውንስ መቀነስ ይቻላል? የሚሉት ጥያቄዎች የገበያ ጥያቄዎች ናቸው፡፡

መኪናው ወይስ ሾፌሩ?

ግራ መጋባቱ የሚመጣው በአብዛኛው ከለመዱት አሠራር ነው፡፡ በኢትዮጵያ ኢንሹራንስ የሚታሰበው ከመኪናው ጋር ነው፡፡ በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 የሦስተኛ ወገን መድን የሌለው ተሽከርካሪ በመንገድ ላይ እንዳይንቀሳቀስ ከልክሏል፡፡ ባለመኪናው የሚያውቀው ዋጋው በተሽከርካሪው ዓይነትና በሚሰጠው አገልግሎት እንደሚለያይ ነው፡፡ ለትራፊክ ፖሊስ የሚከፈለው ቅጣትና ለኢንሹራንስ ኩባንያ የሚከፈለው አረቦን በሁለት የተለያዩ መዝገቦች የተያዙ፣ የማይተዋወቁ ሒሳቦች ናቸው፡፡

በአሜሪካ ግን ኩባንያው ዋጋ የሚያወጣው ለመኪናው ብቻ ሳይሆን መሪውን ለሚይዘው ሰው ጭምር ነው፡፡ ኢንሹራንስ ነገ ሊደርስ የሚችለውን አደጋ ዛሬ በዋጋ የመተመን ንግድ ነው፡፡ ኩባንያው የነገውን ስለማያውቅ የትናንቱን ያያል፡፡ ትናንት በፍጥነት የነዳ ሰው ነገ የመጋጨት ዕድሉ ከሌላው ይበልጣል የሚለው ግምት የሒሳቡ መሠረት ነው፡፡ በዚህ ግምት መሠረት ካሳ ያልጠየቀ ሾፌርም ‹‹አደገኛ›› ሊባል ይችላል፡፡

አንድ ወረቀት፣ ሦስት ሒሳብ

የፍጥነት ቲኬት ሦስት ሒሳቦችን ይከፍታል፡፡

የመጀመሪያው ለመንግሥት የሚከፈለው ቅጣትና የፍርድ ቤት ወጪ ነው፡፡ ይህ በግልጽ የሚታይ፣ አንድ ጊዜ ተከፍሎ የሚያልቅ ነው፡፡

ሁለተኛው የነጥብ ሒሳብ ነው፡፡ መንጃ ፈቃድ የሚሰጠው መሥሪያ ቤት፣ በተለምዶ ዲኤምቪ የሚባለው፣ ለእያንዳንዱ ጥፋት ነጥብ ይመዘግባል፡፡ በቨርጂኒያ ከተፈቀደው ከ1 እስከ 9 ማይል ያለፈ ሾፌር 3 ነጥብ ይያዝበታል፤ ከ10 እስከ 19 ማይል ያለፈ 4 ነጥብ፤ 20 ማይልና ከዚያ በላይ ያለፈ 6 ነጥብ፡፡ ነጥቡ ለሁለት ዓመት ይቆጠራል፡፡ በ12 ወር ውስጥ 12 ነጥብ ያጠራቀመ ሰው የአሽከርካሪዎች ማሻሻያ ትምህርት እንዲከታተል ይገደዳል፤ በ12 ወር 18 ነጥብ የደረሰበት ደግሞ መንጃ ፈቃዱ ለ90 ቀን ይታገዳል፡፡ በአንጻሩ ዓመቱን ሙሉ ያለ ጥፋት የነዳ ሰው አንድ የመልካም ነጥብ ያገኛል፤ መልካሙ ነጥብ እስከ 5 ሊጠራቀም ይችላል፡፡

ሦስተኛው ሒሳብ የኢንሹራንሱ ነው፡፡ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፡፡ ኢንሹራንስ ኩባንያ የሚጠቀመው በዲኤምቪ ነጥብ ሳይሆን በራሱ መመዘኛ ነው፡፡ ዲኤምቪ ነጥቡን በሁለት ዓመት ቢሰርዝም፣ የጥፋተኛነት ውሳኔው ራሱ በቨርጂኒያ መዝገብ ላይ ለ5 ዓመት ይቆያል፡፡ ኩባንያዎቹ በአብዛኛው ያለፉትን ሦስት ዓመታት ያያሉ፤ ወደ ኋላ ርቀው አምስት ዓመት የሚያዩም አሉ፡፡ በፈቃዱ የስምንት ሰዓት የማሻሻያ ትምህርት የወሰደ ሾፌርም 5 የመልካም ነጥብ ያገኛል እንጂ ጥፋቱ ከመዝገቡ አይፋቅለትም፡፡ በዲኤምቪ ፊት የጸዳ ሰው በኢንሹራንሱ ፊት ገና ባለዕዳ ሊሆን ይችላል፡፡

ጭማሪው ዘግይቶ የሚመጣበትም ምክንያት አለው፡፡ ኩባንያው መዝገቡን የሚመረምረው በየቀኑ አይደለም፤ አዲስ ውል ሲገባ ወይም አሮጌው ሲታደስ ነው፡፡ ብዙዎቹ የመኪና ኢንሹራንስ ውሎች የስድስት ወር ናቸው፡፡ በመሆኑም በመስከረም የተያዘ ሾፌር ጭማሪውን የሚያየው በጥር ወይም በየካቲት ሊሆን ይችላል፡፡ በዚያን ጊዜ ቲኬቱን ረስቶታል፤ ይግባኝ የሚባልበት ቀንም አልፏል፡፡

አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ጉዳቱ በሁለት በኩል ነው፡፡ ኩባንያው በጥፋቱ ምክንያት ተጨማሪ ዋጋ ይጭናል፤ ቀድሞ ያለ ጥፋት በመንዳቱ ይሰጠው የነበረውን ቅናሽም ያነሳበታል፡፡ ደብዳቤው ላይ የሚታየው ግን አንድ ድምር ብቻ ነው፡፡

ሒሳቡ ሲሠራ

ጭማሪው ከኩባንያ ኩባንያ፣ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት፣ ከሾፌር ሾፌር ስለሚለያይ ለሁሉም የሚሆን አንድ ቁጥር የለም፡፡ ለስሌት ያህል ግን የሚከተለው ይታሰብ፡፡ ሾፌሩ በዓመት 1,800 ዶላር አረቦን ይከፍላል እንበል፡፡ ቅጣቱና የፍርድ ቤቱ ወጪ ተደምሮ 150 ዶላር ነው፡፡ ኩባንያው በቲኬቱ ምክንያት ዋጋውን በ20 በመቶ ከፍ አደረገ፡፡

ጭማሪው በዓመት 360 ዶላር፣ በሦስት ዓመት 1,080 ዶላር ይሆናል፡፡ ከቅጣቱ ጋር ሲደመር ቲኬቱ 1,230 ዶላር ወስዷል ማለት ነው፡፡ ሾፌሩ ‹‹ከፍዬ ተገላገልኩ›› ያለው 150 ዶላር ከጠቅላላው ዋጋ 12 በመቶ ብቻ ነው፡፡ ቀሪው 88 በመቶ ገና አልመጣም ነበር፡፡

ይኸው ስሌት ጠበቃ መያዝ ያዋጣል ወይስ አያዋጣም? ለሚለው ጥያቄም መልስ ይሰጣል፡፡ ጠበቃው 300 ዶላር ያስከፍላል እንበል፡፡ 300ን ለ1,080 ስናካፍል 28 በመቶ ገደማ እናገኛለን፡፡ ጥፋቱ ኢንሹራንሱ ዘንድ እንዳይደርስ የማድረግ ዕድሉ ከ100 እጅ 28 ከበለጠ ጠበቃው ዋጋውን ያወጣል፤ ካነሰ አያወጣም፡፡ በሌላ በኩል ኩባንያው የሚጨምረው 5 በመቶ ብቻ ከሆነ የሦስት ዓመቱ ጭማሪ 270 ዶላር ነው፡፡ ያኔ ጠበቃው እንደሚያሸንፍ እርግጠኛ ቢሆን እንኳ ስለ ኢንሹራንስ ተብሎ 300 ዶላር ማውጣት ኪሣራ ነው፡፡

ስለዚህ ከማንኛውም ውሳኔ በፊት መታወቅ ያለበት ቁጥር የቅጣቱ ሳይሆን የጭማሪው መጠን ነው፡፡ ለዚህም ስምና የውል ቁጥር ሳይሰጡ አንድ የኢንሹራንስ ወኪል ዘንድ ደውሎ ‹‹በ14 ማይል ያለፈ አንድ የፍጥነት ጥፋት ዋጋውን ምን ያህል ያንቀሳቅሰዋል?›› ብሎ መጠየቅ ይቻላል፡፡ የመጀመሪያውን ቀላል ጥፋት በዝምታ የሚያልፉ ኩባንያዎችም አሉ፡፡

ቲኬት ወንጀል የሚሆንበት መስመር

በቨርጂኒያ ይህን ሁሉ ስሌት የሚያፈርስ አንድ ጉዳይ አለ፡፡ ከተፈቀደው ፍጥነት በ20 ማይልና ከዚያ በላይ ያለፈ፣ ወይም የተፈቀደው ምንም ይሁን ምን ከ85 ማይል በላይ የነዳ ሰው ተራ የትራፊክ ደንብ ተላላፊ አይደለም፡፡ ጥፋቱ በግዴለሽነት ማሽከርከር፣ በአካባቢው ነዋሪ አነጋገር ‹‹ሬክለስ››፣ የሚባል ሲሆን በወንጀል የሚያስጠይቅ ነው፡፡ ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛ ቅጣት የ12 ወር እሥራትና 2,500 ዶላር ነው፤ መንጃ ፈቃድም እስከ ስድስት ወር ሊታገድ ይችላል፡፡ 85 የሚለው ቁጥር እስከ እ.ኤ.አ. 2020 አጋማሽ ድረስ 80 ነበር፡፡

መስመሩ የሚመስለውን ያህል ሩቅ አይደለም፡፡ በ55 ማይል መንገድ ላይ 75 ማይል፣ ማለትም በሰዓት 121 ኪሎ ሜትር ያህል መንዳት ወንጀል ነው፡፡ ከፍተኛው ወሰን 70 ማይል በሆነባቸው ከከተማ ውጭ ባሉ አውራ ጎዳናዎች ደግሞ 86 መንዳት፣ በ16 ማይል ብቻ ማለፍ ቢሆንም፣ ወንጀል ነው፡፡ ከሌላ ክፍለ ግዛት የመጣ ሾፌር ይህን ሳያውቅ ‹‹ትንሽ ፈጠን አልኩ›› ብሎ የወንጀል መዝገብ ይዞ ሊመለስ ይችላል፡፡

የጥፋተኛነት ውሳኔው በመንዳት መዝገብ ላይ 11 ዓመት ይቆያል፡፡ ኢንሹራንስ ኩባንያዎችም ከቀላል የፍጥነት ጥፋት ለይተው ከከባድ ጥፋቶች ጎን ያስቀምጡታል፤ ጭማሪው ከፍ ይላል፤ አንዳንዱ ኩባንያ ጨርሶ ውሉን ላያድስ ይችላል፡፡ የሚያሳስበው ኢንሹራንሱ ብቻም አይደለም፡፡ ኡበርና ሊፍት የሾፌሮቻቸውን የመንዳት መዝገብ ይመረምራሉ፤ አሠሪዎች የወንጀል መዝገብ ያጣራሉ፤ የዜግነት ማመልከቻ ሲሞላም ጉዳዩ መገለጽ ይኖርበታል፡፡ እንዲህ ዓይነቱ ክስ በኢንተርኔት ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም፤ ፍርድ ቤት መቅረብ ግድ ነው፡፡ ለዚህ ጠበቃ መያዝ በ28 በመቶ ስሌት የሚመዘን ነገር አይሆንም፡፡

ፍርድ ቤት የሚቀርብ ሰው ምን ይያዝ?

መጀመሪያ መታወቅ ያለበት በመንገድ ዳር የሚደረገው ፊርማ ትርጉም ነው፡፡ ቲኬቱ ላይ መፈረም ‹‹ጥፋተኛ ነኝ›› ማለት አይደለም፤ በተባለው ቀን እቀርባለሁ ወይም ጉዳዩን እጨርሳለሁ የሚል ቃል መግባት ነው፡፡ አልፈርምም ብሎ መሟገት ግን አይጠቅምም፡፡ ክርክሩ ያለው መንገድ ዳር ሳይሆን ችሎት ውስጥ ነው፡፡

በተቃራኒው ቅጣቱን አስቀድሞ መክፈል ጥፋተኛነትን መቀበል ነው፡፡ ብዙ ሰው መክፈልን እንደ ፋይል መዝጋት ያየዋል፤ በሕግ ፊት ግን የጥፋተኛነት ውሳኔው የሚመዘገበው፣ ወደ ዲኤምቪና ከዚያም ወደ ኢንሹራንሱ የሚሄደው በዚያች ክፍያ ነው፡፡

በቨርጂኒያ የትራፊክ ጉዳይ የሚታየው በአውራጃው ወይም በከተማው ጄኔራል ዲስትሪክት ፍርድ ቤት ነው፡፡ በዕለቱ ፖሊሱ ይቀርባል፤ ዳኛው ሁለቱንም ወገን ሰምቶ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይወስናል፡፡ ፍጥነቱ በራዳር ወይም በሌዘር የተለካ ከሆነ መሣሪያው ትክክል መሆኑ ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ የተረጋገጠበት ማስረጃ ሊቀርብ ይገባል፡፡ ሾፌሩም በበኩሉ የመኪናውን የፍጥነት መቁጠሪያ ጋራዥ አስመርምሮ ውጤቱን ይዞ መቅረብ ይችላል፡፡ መቁጠሪያው ከእውነተኛው ፍጥነት ዝቅ አድርጎ የሚያሳይ ሆኖ ከተገኘ የክፍለ ግዛቱ ሕግ ዳኛው ይህን እንዲያየው ይፈቅዳል፡፡ በ76 ማይል ተይዞ ‹‹ሬክለስ›› የተባለ ሾፌር መቁጠሪያው 71 ያሳይ እንደነበር ቢያረጋግጥ፣ ወረቀቱ በወንጀልና በተራ ጥፋት መካከል ያለውን ልዩነት ሊያመጣ ይችላል፡፡

ከዚህ ሌላ ይዞ መቅረብ የሚጠቅመው የመንዳት መዝገብ ቅጂ ነው፡፡ ለዓመታት ንጹሕ መዝገብ ያለው ሾፌር ሲቀርብ ዳኛው ፍጥነቱን ዝቅ አድርጎ ሊመዘግብለት፣ ክሱን ከመንዳት ጋር ወደማይያያዝ ‹‹የመሣሪያ ጉድለት›› ሊለውጥለት ወይም የማሻሻያ ትምህርት እንዲወስድ አዝዞ ጉዳዩን በበጎ ሊያይለት ይችላል፡፡ ይህ የዳኛው ፈቃድ እንጂ የተከሳሹ መብት ስላልሆነ ከችሎት ችሎት ይለያያል፡፡ ዋናው ቁም ነገር ግን ለኢንሹራንስ የሚደርሰው በቲኬቱ ላይ የተጻፈው ሳይሆን በመጨረሻ በመዝገብ ላይ የሰፈረው መሆኑ ነው፡፡

ቋንቋም እንቅፋት መሆን የለበትም፡፡ እንግሊዝኛው የማያስተማምን ሰው አስቀድሞ ለፍርድ ቤቱ ጽሕፈት ቤት ካመለከተ አስተርጓሚ ይመደብለታል፡፡ አማርኛ በዋሽንግተን አካባቢ ፍርድ ቤቶች እንግዳ ቋንቋ አይደለም፡፡ ልጅን ወይም ጎረቤትን አስተርጓሚ አድርጎ ይዞ ከመሄድ ይህ ይሻላል፤ ችሎት ውስጥ አንዲት ቃል ብትዛነፍ ‹‹ፈጠን ብዬ ነበር፣ ግን…›› የሚለው ማስረዳት ‹‹አዎን፣ አጥፍቻለሁ›› ተብሎ ሊመዘገብ ይችላልና፡፡

በውሳኔው ያልተስማማ ሰው በ10 ቀን ውስጥ ወደ ሰርኪዩት ፍርድ ቤት ይግባኝ ማለት ይችላል፡፡ ጉዳዩ እዚያ እንደ አዲስ ይታያል፡፡

ወንዙን ሲሻገሩ ሕጉም ይለወጣል

የፖቶማክን ወንዝ ለመሻገር ጥቂት ደቂቃ ይበቃል፤ ሕጉ ግን ሌላ ነው፡፡ በሜሪላንድ ከተፈቀደው ከ10 ማይል በታች ያለፈ 1 ነጥብ፣ ከዚያ በላይ ያለፈ ከ2 ነጥብ ጀምሮ ይያዝበታል፡፡ በሁለት ዓመት ውስጥ 3 ወይም 4 ነጥብ የደረሰበት ሰው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ከ5 እስከ 7 የደረሰበት ትምህርት ይታዘዝለታል፤ 8 ነጥብ መንጃ ፈቃድ ያሳግዳል፤ 12 ነጥብ ያሰርዛል፡፡

በሜሪላንድ የተከሰሰ ሰው በ30 ቀን ውስጥ ከሦስት አንዱን መምረጥ አለበት፤ መክፈል፣ ጥፋቱን አምኖ ምክንያቱን ለዳኛ ማስረዳት፣ ወይም መከራከር፡፡ ለማስረዳት ብቻ በሚቀርብበት ጊዜ ፖሊሱ አይጠራም፤ በክርክሩ ግን ይጠራል፡፡ ዳኛው ከፈቀደ የጥፋተኛነት ውሳኔውን ሳያስገባ ሾፌሩን በገደብ ሊለቀው ይችላል፡፡ ገንዘብ ሊከፈል ይችል ይሆናል፤ ነጥብ ግን አይመዘገብም፡፡ ለ‹‹ኪስ›› ሲታሰብ ከክፍያው ቅናሽ ይልቅ ይህ ገደብ እጅግ ይበልጣል፡፡

በዲሲ ደግሞ ፖሊስ የሰጠው ተራ የፍጥነት ቲኬት የሚታየው በፍርድ ቤት ሳይሆን በዚያው በዲኤምቪ ውስጥ ባለው የአቤቱታ ክፍል ነው፡፡ ‹‹በሌላ ክፍለ ግዛት ስለተያዝኩ አይደርስብኝም›› ማለትም አያዋጣም፡፡ ዲሲ፣ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ የጥፋተኛነት ውሳኔዎችን ለመንጃ ፈቃዱ ባለቤት ክፍለ ግዛት በሚያሳውቀው የክፍለ ግዛቶች ስምምነት ውስጥ አባል ናቸው፡፡ በሪችመንድ መንገድ የተያዘ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ዜናው ቤቱ ድረስ ይከተለዋል፡፡

ካሜራ የሚልከው ፖስታ

ከፖሊስ ቲኬት ጋር መምታታት የሌለበት ካሜራ አንስቶ በፖስታ የሚልከው ቅጣት ነው፡፡ ካሜራ የሚያየው ታርጋን እንጂ መሪውን የያዘውን ሰው አይደለም፤ ቅጣቱም የሚጣለው በመኪናው ባለቤት ላይ ነው፡፡ በዚህ ምክንያት በሦስቱም አካባቢዎች የካሜራ ቅጣት ነጥብ አያስከትልም፡፡ በቨርጂኒያ በትምህርት ቤት አካባቢና በመንገድ ሥራ ቦታዎች የተተከሉት ካሜራዎች የሚያስከፍሉት ከ100 ዶላር የማይበልጥ ሲሆን፣ ሕጉ ቅጣቱ ለኢንሹራንስ ዋጋ መተመኛ እንዳይውል በግልጽ ይከለክላል፡፡

ይህ ማለት ግን ፖስታውን መሳቢያ ውስጥ መጣል ይቻላል ማለት አይደለም፡፡ በዲሲ በወቅቱ ምላሽ ያልተሰጠው ቅጣት በእጥፍ ያድጋል፡፡ ሁለትና ከዚያ በላይ ቀኑ ያለፈበት ያልተከፈለ ቲኬት ያለበት መኪና በዲሲ ጎዳና ላይ ቆሞ ከተገኘ ጎማው በብረት ሊቆለፍ ይችላል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2024 በዲሲ የወጣ ሕግም የከተማው ዓቃቤ ሕግ ቅጣት ያጠራቀሙ የሌላ ክፍለ ግዛት ሾፌሮችን ፍርድ ቤት እንዲከስ ሥልጣን ሰጥቷል፡፡ ስለዚህ የካሜራን ቅጣት በጊዜው ከፍሎ መገላገል ያዋጣል፤ የፖሊስን ቲኬት ሳያስቡ በችኮላ መክፈል ግን ላያዋጣ ይችላል፡፡ ብዙ ሰው የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው፡፡

ጥፋቱ ከተመዘገበ በኋላ

ሁሉም ተሞክሮ ጥፋቱ ከተመዘገበም ገበያው ገና በር አልዘጋም፡፡ ኩባንያዎች አንድን ጥፋት በአንድ ዓይን አያዩትም፡፡ አንዱ ዋጋውን ክፉኛ የሚያንረው ሾፌር ሌላው ዘንድ በመጠነኛ ጭማሪ ሊስተናገድ ይችላል፡፡ የእድሳት ደብዳቤው እንደደረሰ ቢያንስ ከሦስት ኩባንያዎች ዋጋ መጠየቅ ተገቢ ነው፡፡ ነገር ግን አዲሱ ውል ሥራ ሳይጀምር አሮጌውን ማቋረጥ አደገኛ ነው፤ ያለ ኢንሹራንስ የቆየ ሾፌር ሕግ ከመተላለፉም በላይ በሚቀጥለው ኩባንያ ፊት ከቲኬቱ የበለጠ ይጠረጠራል፡፡

ጥፋቱን መደበቅም አያዋጣም፡፡ ኩባንያው መዝገቡን በራሱ አውጥቶ ያያል፤ የተዋሸ ማመልከቻ አደጋ በደረሰ ቀን ካሳ ለመከልከል ምክንያት ሊሆን ይችላል፡፡

አረቦኑን ለማውረድ ሌላው መንገድ አዲስ አበባ ያሉ የኢንሹራንስ ሠራተኞች ‹‹ኤክሰስ›› የሚሉትን፣ አደጋ ሲደርስ ባለመኪናው ከኪሱ የሚሸፍነውን የመጀመሪያ ድርሻ ከፍ ማድረግ ነው፡፡ ይህ የሚሆነው ግን ያን ያህል ገንዘብ በባንክ ላለው ሰው ብቻ ነው፡፡ በሌላው ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት የሚከፈለውን ሽፋን በመቀነስ መቆጠብ ግን አይመከርም፡፡ ቨርጂኒያ ከእ.ኤ.አ. 2025 መጀመሪያ ጀምሮ ዝቅተኛውን የግዴታ ሽፋን ለአንድ ሰው ጉዳት 50,000 ዶላር፣ በአንድ አደጋ ለሚጎዱ ሰዎች 100,000 ዶላር፣ ለንብረት 25,000 ዶላር አድርጋዋለች፡፡ ኩባንያዎች ፊታቸውን ላዞሩበት ሾፌር ደግሞ ሜሪላንድ በሕግ ያቋቋመችው የመኪና መድን ድርጅት አለ፤ ዋጋው ግን ሌላ ምርጫ የሌለው ሰው የሚከፍለው ዋጋ ነው፡፡

መረሳት የሌለበት ቀንም አለ፡፡ ጥፋቱ ሦስት ዓመት ሲሞላው ጭማሪው እንዲነሳ ለኩባንያው ደውሎ መጠየቅ፣ ካልተነሳም ሌላ ገበያ መፈለግ ነው፡፡ ኩባንያ ዋጋ ለመጨመር ቀን ቆጥሮ ይጠብቃል፤ ለመቀነስ ግን ደንበኛው ራሱ ቀን ቢቆጥር ይሻለዋል፡፡

ከሁሉ በላይ የሚከብደው ግን ሁለተኛው ቲኬት ነው፡፡ አንድ ጥፋት አጋጣሚ ነው ሊባል ይችላል፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ሁለት ሲሆን ኩባንያው የሚያየው አጋጣሚን ሳይሆን ልማድን ነው፡፡

ከደለስ ተነስቶ የተያዘው ሾፌር ሲሄድ የነበረው መንገድ 25 ማይል ገደማ ነው፡፡ መንገዱን ሁሉ በ69 ማይል ቢጨርሰው 22 ደቂቃ ገደማ፣ በ55 ቢሄድ 27 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበት ነበር፡፡ ያተረፈው አምስት ደቂቃ ተኩል ያህል ነው፡፡ ከላይ በተሠራው ስሌት ዋጋው 1,230 ዶላር ሲሆን፣ ለአንዷ ደቂቃ 220 ዶላር ያህል ከፍሏል ማለት ነው፡፡ እንዲህ ያለ ታሪፍ የሚከፍለው ተሳፋሪ ደግሞ በዋሽንግተን አይገኝም፡፡